የወንድሟ አፍ

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ «አፉ» እያለ ነው የሚጠራት። «ሱሪህ ከረዘመ አፉ ጋ ውሰደው» ይባላል፤ «አፉ ዛሬ አልከፈተችም እንዴ?» ይባላል። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ወሬኛ ብትሆን ነው እንዲህ ያሏት ብሎ ያስባል። ሱቋ ሲገባ ግን ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ከሦስት ቃል በላይ የማታወጣ ሴት ያገኛል። «ቁም»፣ «ዙር»፣ «ሐሙስ ና»። በቃ።

ስሙ የወጣላት ገና በልጅነቷ ነው። የማን አፍ እንደነበረች የሚያውቁት የድሮዎቹ ጎረቤቶች ናቸው። የታናሽ ወንድሟ አፍ ነበረች።

ቤት ውስጥ ማሙሽ ነበር የሚሉት። ሁለት ዓመት ተኩል እስኪሞላው ድረስ ቤቱን በጩኸት የሚያናጋ፣ ድመት አይቶ «ና! ና!» እያለ ግቢውን የሚያካልል ልጅ ነበር። ከዚያ ማጅራት ገትር ያዘው። ዐሥራ ስምንት ቀን ሐኪም ቤት ተኝቶ ሲወጣ «እንኳን ነፍሱ ተረፈች» ተባለ፤ ሁሉም ሰው እፎይ አለ። በሳምንቱ እናቱ የድስት ክዳን አምልጧት ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ክው አለ፤ እሱ ግን ጀርባውን እንደሰጠ ቆርኪዎቹን መደርደሩን ቀጠለ። እናቱ ክዳኑን አነሳችና አውቃ ደግማ ጣለችው። ሦስተኛም ጣለችው። አራተኛውን ልትጥል ስትል የዘጠኝ ዓመት ልጇ እጇን ያዘቻት።

«ተይ እማዬ፣ ይበቃል» አለቻት።

አባታቸው በያጅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ከብልጭታ ጋር ሲታገል የሚውል፣ ቤት ሲገባም ያን ጭምብል ያላወለቀ የሚመስል ዝምተኛ ሰው። እናታቸው ደግሞ የእሱ ተቃራኒ ናት። የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ድርጅት ውስጥ ካውያ ላይ ነበር የምትሠራው፤ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሏት «ተኳሽ ነኝ» ትላለች። ሰውየው ደንገጥ ሲል ጠብቃ፣ «አንሶላ ነው የምተኩሰው፤ እስካሁን አንድም አልቆሰለብኝም» ትላለች። እሷ ካለች ቤቱ ሳቅ አያጣም ነበር።

ያ ሳቅ ነበር ለማሙሽ መከራ የሆነው። ራት ቀርቦ እናት አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች፤ አባት እንኳ ሳይቀር ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ማሙሽ ካንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እያየ የእህቱን እጅጌ ይጎትታል። ምንድን ነው? እሷ መዳፏን ከፊቱ ትዘረጋለች። ቆይ ማለት ነው። ስቃ እስክትጨርስ ሌላ ወሬ ይነሳል፤ ያም እንዲሁ ይረሳል። ማሙሽ ግን ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ተማረ። በምን እንደሚስቅ ሳያውቅ ከሁሉ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚስቀው እሱ ነበር።

በልጅነት ዓይን ግን ያ ጊዜ ክፉ አልነበረም። ሁለቱ ልጆች ከእጅና ከፊት የራሳቸውን ቋንቋ አበጁ። እናት ሁለት ጡጫ አንሶላ ላይ እንደሚገፋ ካውያ ነች። አባት ዓይንን የሚጋርድ መዳፍ ነው። እህቱ የጆሮ ሥር ሹሩባ፣ የጎረቤቱ ውሻ የተነፋ ጉንጭ። መልካም ነው ለማለት ደረትን በመዳፍ ሁለቴ መታ መታ። ነገ ማለት ጉንጭን በእጅ አስደግፎ አንድ ጊዜ መተኛት ነው፤ ከነገ ወዲያ ሁለቴ መተኛት። ከሦስት በላይ ከሆነ ቁጥሩ ይምታታባቸውና ይስቃሉ። መቶ ምናምን ምልክት ነበራቸው፤ በዓለም ላይ የሚችሉትም እነሱ ሁለት ብቻ ናቸው። እናትና አባት ዐሥር ዐሥራ አምስቱን ቢይዙ ነው። ሌላው ሲቸግራቸው፣ «ነይ እስኪ፣ ምን እያለ ነው?» ይሏታል። ባለሱቁ ይጠራታል፣ ሐኪሙ ይጠራታል፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ «አፉ! ነይ ንገሪው፣ በረኛ ሁን በዪው!» ይላሉ።

ሰባት ዓመት ሲሞላው እጁን ይዛ እሷ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወሰደችው። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«ስንቴ ስሙን ጠርተን አቤት ሊለን ነው?» አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የእውነት ቸግሯቸው ነው። «ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ አለ። አስተማሪው ለሰባው ያስተምር ወይስ ለእሱ?»

«እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እነግረዋለሁ።»

«አንቺስ መቼ ልትማሪ ነው?»

እጁን እንደያዘች መልሳ ወደ ቤት ወሰደችው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ልጁን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ደብተሯን አስቀምጣ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መዘምዘም ጀመረች። ወንድሟን ይዛው ትሄዳለች። እሱም ከስፌት መኪናዋ ሥር ተቀምጦ ቁርጥራጭ ጨርቅ በቀለም በቀለሙ ይለያል። ሽማግሌው ከጨርቅ ክምራቸው ቀና ብለው ያዩትና፣ «ይሄ ልጅ ሠራተኛዬ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር፤ ደንበኛ አያማ» ይላሉ።

ዐሥር ዓመት ሞልቶት ነበር አንዲት ሴት የጉርድ ቀሚሷን ወገብ ልታሰፋ ወደ ሱቁ የመጣች ቀን። ልጅቷ መርፌዋን ሳታቆም በአንድ እጇ ወንድሟን ካውያውን ከሶኬት ንቀለው፣ ውኃውን ሙላው፣ ከዚያ ና ቁጭ በል አለችው። ሴትዮዋ ቀሚሷን ረስታ ታያቸው ጀመር።

«ወንድምሽ ነው?»

«አዎ።»

«ይሄን ምልክት የት ተማራችሁት?»

«የትም። ራሳችን ነን ያወጣነው።» አፏን ሞልታ ነው የተናገረችው። በዚህ ዓለም ከሚያኮሯት ነገሮች አንዱና ዋናው ነበር።

«እኔ መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነኝ፤ ራቅ ያለ ከተማ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ጎበዞች ናችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ‹ለምን› እንዴት ነው የምትሉት?»

ልጅቷ ለማሳየት እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ። አሰበች። እጇን መለሰች፤ ደግማ አነሳችው።

«ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም» አለች በመጨረሻ።

«መጠየቂያውን ማን ሰጥቶት?» አለች መምህርቷ፤ በቁጣ አልነበረም። «በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ስንቴ ለምን ይላል። እሱም ሳይለው አይቀር፤ ሆዱ ውስጥ ታፍኖ ነው ያለው።»

ልጅቷ ቀሚሱን ሠርታ፣ ተኩሳ፣ ሴትዮዋን ቀና ብላ ሳታይ ሰጠቻት። በግናለች። ቋንቋችሁ ጎዶሎ ነው ያለቻት መሰላት። ሦስት ቀን ሙሉ ግን እጇ ሥራ ላይ እያለ «ለምን»ን ሲፈልግ ዋለ። ትከሻ ሰበቀች፣ ግንባሯን ቋጠረች፤ ማሙሽ የሆነ ቦታ ያመማት መስሎት ግንባሯን ዳሰሰላት። በአራተኛው ቀን ማሙሽን ሴትዮዋ ወደምታስተምርበት አዳሪ ትምህርት ቤት የመላኩን ነገር ቤት አነሳችው።

«ማን ሊያውቅልኝ?» አለች እናቷ። ለቀልድ የሚሆን ነገር ጠፋባት። «ከአንቺ ሌላ ማን ይገባዋል? ሲያመው ማን ጋ ይሄዳል?»

አባቷ እጁን ታጥቦ ሲያደርቅ ቆይቶ፣ «ይሂድ» አለ። «እሷም ሰው ናት። ዕድሜ ልኳን አፍ ሆና ልትቀር ነው?»

እንዲህ ሆኖ ተቆረጠ። የሚያደርሰው እሷ ሆነች፤ ሌላ ማን ሊነግረው። ችግሩ የሚነግሩበት ነገር አልነበረም። በጉዞው ዋዜማ ከሰዓቱን ሁሉ አልጋው ላይ አስቀምጣው ልትነግረው ሞከረች። አውቶቡስ። ሩቅ። ልጆች፣ ብዙ ልጆች፣ ጆሯቸው እንዳንተ። ይሄ ገባው፤ ደስ አለው። እኔ እመለሳለሁ፣ አንተ ትቀራለህ። ይሄም የገባው መሰላት። ከአምስት ወር በኋላ ትመጣለህ ለማለት ግን ጉንጯን በእጇ አስደገፈች፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ እንደገና፣ እንደገና፣ ዐሥር ጣቷን ዘርግታ እንደገና። ማሙሽ በሳቅ ፈረሰ። በጣም እንቅልፍ መጥቶብኛል የምትል መስሎት ትራሱን አስተካከለላት።

ስምንት ሰዓት የፈጀ መንገድ ነው። ትምህርት ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ልጆች በእጃቸው ሲያወሩ ሲያይ ማሙሽ አፉን ከፍቶ ቆመ፤ ሁሉም የሚያወራበት፣ ድምፅ የሌለበት ቦታ። የማደሪያው ኃላፊ ሴት ልጅቷን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«ስትሄጂ ካየሽ ይረበሻል። በጓሮ በር ውጪ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለምደው፤ በሦስት ቀኑ ይረሳል።»

እሷ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሴትዮዋ ነጭ ጋዋን ለብሳለች፤ የምታውቅ ሰው ትመስላለች። ማሙሽን ከዋናው በር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አቆመችውና መዳፏን ከፊቱ ዘረጋች። ቆይ። እሱም ደረቱን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። መልካም ነው። በጓሮ በር ወጣች። አውቶቡሱ ላይ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት «ሰው ሞቶብሽ ነው?» ብላ እስክትጠይቃት ድረስ ማልቀሷን አላወቀችም።

አምስት ወር ሞልቶ ለዕረፍት ሲመጣ ማሙሽ አድጓል፤ አንገቱ ረዝሟል። እናቱ ላይ ተጠመጠመ። አባቱን አቀፈ። እህቱ ጋ ሲደርስ ለእንግዳ እንደሚደረገው እጁን ዘረጋላት።

እጆቹ ሌላ ሰው ሆነው ነበር የመጡት። ይፈጥናሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ጣቶቹ ፊደል ይሠራሉ፣ ቅንድቡና ከንፈሩ ሳይቀር ይናገራል። በድሮው ምልክታቸው ጠይቃው ሲመልስ ግን አጭር ነው፤ የተውኩትን ልብስ ለምን ታለብሺኛለሽ እንደሚል ልጅ። መምህርቷ የጣት ፊደል ያለበት ወረቀት ልካላት ነበር። ከስፌት መኪናዋ ኋላ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ እየሰፋች አየችው፤ ፊደሉን ያዘችው። ማሙሽ ግን ፊደል እየለቀመ አያወራም፤ እንደ ማንኛውም ልጅ ነው የሚያወራው፤ እየዘለለ። በዓመት ሁለቴ ብቻ ይመጣል፤ እሷም ሥራ አላት። ደግሞም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከልቧ አልሞከረችም። የእነሱን ቋንቋ ጥሎ የመጣበትን ቋንቋ መማር ሽንፈት ሆኖ ታያት።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሱቅ አብሯት ውሎ ሳለ አንድ ነገር ጠየቃት። አልገባትም። ደገመላት። አሁንም አልገባትም። ማሙሽ ከጠረጴዛው ላይ የልብስ ጠመኔዋን አነሳና ገና ባልተቆረጠ ጥቁር የኮት ጨርቅ ላይ በተንጋደደ ፊደል ሁለት ቃል ጻፈ። «ለምን ሄድሽ»።

ያን ቀን ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ጨርቄ ተበላሸ አላሉም። ቆመው አነበቡትና መነጽራቸውን ሊጠርጉ ወደ ደጅ ወጡ።

እሷ መልሱን በእጇ ፈለገች። አለቀስኩ አለችው፤ ያ ምልክት ነበራቸው። ደረቷን መታ መታ አደረገች። ከእሱ ጽሑፍ ሥር ብዙ ጻፈች፤ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ጓሮው በር፣ ስለ አውቶቡሱ። ማሙሽ ሁለት ቃል እንጂ ያን ሁሉ ማንበብ ገና አይችልም ነበር። መስመሩን በጣቱ ተከትሎ መሀል ላይ ተወው።

ዓመታት አለፉ። ማሙሽ ዐሥራ ሰባት ሞላው፤ እዚያው ትምህርት ቤት እንጨት ሥራ ይማር ጀመር። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው የድሮውን ነው። በመጣ ቁጥር «ነይ እስኪ አፉ፣ ምን እያለ ነው?» ይላል። እሷም አላውቅም ማለት አቃታት። ዕድሜዋን በሙሉ የምትታወቅበት እሱ ነው። ፊቱን አይታ ትገምታለች። «ደህና ነኝ ነው የሚለው።» «ትምህርቱ ከብዶኛል ነው የሚለው።» አንዳንዴ ግምቷ ይሳካል። አንዳንዴ ደግሞ ማሙሽ ሰዎቹ የመለሱለትን አይቶ ቅንድቡን ይቋጥርና ፊቱን ያዞራል።

በዚያው ዓመት እናታቸው ታመመች። የጨጓራ ካንሰር ነው፤ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷት አለ። አልጋዋን የፊተኛው ክፍል ውስጥ፣ ብርሃን ከሚገባበት መስኮት ሥር አደረጉላት። ሰውነቷ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነበረባቸው። ነገሩን አባት ያውቃል፣ ልጅቷ ታውቃለች፣ ጎረቤት ያውቃል፣ እናትም ራሷ ታውቃለች። ሰው ሁሉ በሯ ላይ ቆሞ በሹክሹክታ ሲያወራ ከርሟል። ማሙሽ ለዐሥር ቀን ዕረፍት ሲመጣ ሹክሹክታው ለእሱ ከጩኸቱ አይለይም። ማንም አልነገረውም። «እሷ ትነግረዋለች» ብሎ ሁሉም ተወው። እሷም ዛሬ ነገ ስትል በምን ቃል እንደምትነግረው እያወጣች እያወረደች ቀኑ አለቀ።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ማሙሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእናቱን እግር ይዞ ነበር። ወደ እህቱ ዞረ። ወደ እናቱ ጠቆመ። ሁለት መዳፎቹን ጎን ለጎን ዘረጋና በአንድ ላይ ገለበጣቸው። ቅንድቡን ወደ ላይ አንስቶ ጠበቃት። ጥያቄ ነው።

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። እውነትም የማገላበጫው ሰዓት ደርሷል። እናት በደከመ ድምፅ፣ «ምን አለ ልጄ?» አለች።

«አናገላብጣትም ወይ ነው የሚለው።»

እናት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «እኔን አንሶላ አደረገኝ እንዴ?» አለች። «በዚህኛው በኩል ተተኩሼ አልቄያለሁ፣ ገልብጡኝ እንግዲህ።»

አባት እሷ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። ደረቷን ሁለቴ መታ መታ አደረገችለት፣ ከዚያ እናቷን በቀስታ ወደ ግድግዳው አዞረቻት። ማሙሽ ሁሉም ሲስቁ አየ፤ እህቱ መልካም ነው ስትለው አየ። ትልቅ ሸክም ከላዩ እንደወረደለት ሰው ተነፈሰና እሱም አብሯቸው ሳቀ። በማግስቱ እናቱን ስሞ ተመልሶ ሄደ።

እናት የሞተችው በአራተኛው ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለ፤ መስመሩ አልሠራ ብሎ መልእክቱ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ማሙሽ ቤት ሲደርስ የተቀበረች ሁለት ቀን ሆኗታል። በሩ ላይ ቆሞ መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ አየው። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

አባቱ ሊያቅፈው ተነሣ። ማሙሽ በእጁ መለሰውና ወደ እህቱ ሄደ። ወደ አልጋው ጠቆመ። ሁለት መዳፎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ በአንድ ላይ ገለበጣቸው። በዚህኛው ጊዜ ቅንድቡን አላነሳም። ጥያቄ አልነበረም።

ያኔ ገባት፤ በእሱ አዲስ ቋንቋ ምልክቱ ሞት ነው። የታሰረው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ያን ቀን የጠየቃት እናቴ ልትሞት ነው ወይ ብሎ ነው። እሷ ደግሞ መልካም ነው ብላ፣ ስቃ፣ ሸኘችው።

ከዚያ በኋላ ማሙሽ ለዕረፍት ወደ ቤት መምጣት ተወ። ለአባቱ አጭር ደብዳቤ ይጽፋል፤ «ደህና ነኝ፣ ሥራ አለብኝ» ይላል። የእሷ ስም የለበትም። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ። ጎረቤት «ማሙሽ እንዴት ነው?» ሲላት የልብስ ክምሯን እያነሳች እየጣለች ታልፈዋለች። አንድ ቀን ሽማግሌውን ልብስ ሰፊ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ወር ፈቃድ ይስጡኝ» አለቻቸው።

«ለምን?»

«ትምህርት ልገባ።»

«በሃያ ስድስት ዓመትሽ? ስንተኛ ክፍል?»

«አንደኛ» አለች። እሳቸውም «ሂጂ» አሏት።

መምህርቷ አርጅታለች፤ ግን አስታወሰቻት። አንደኛ ክፍል መጨረሻ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞራ ነበር የምትቀመጠው። በስፌት የደነደኑ ጣቶቿን እያዩ ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። ስድስት ዓመት የማይሞላት ጥርሰ ወላቃ ልጅ መምህሯ ሆነች፤ አውራ ጣቷን ይዛ ወደ ውስጥ ታጥፍላታለች፣ ካበላሸች እጇን ቸብ ታደርጋታለች። ልብስ ሰፊዋ በሦስተኛው ቀን «ለምን»ን ተማረች። አጭር ምልክት ናት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ማሙሽ ሲገባ የነበሩት ራሳቸው ነበሩ። አንድ ከሰዓት ዛፉ ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ አጠገባቸው ስትቀመጥ፣ «የማን ቤተሰብ ነሽ?» አሏት። ነገረቻቸው።

«እሱን?» አሉ። «እሱን መቼም አልረሳውም። የመጣ ቀን እዚህች ቆሞ እራት እስኪቀርብ ንቅንቅ አላለም። ተሸክመን ነው ያስገባነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ትምህርት ሲያልቅ እየመጣ እዚሁ ይቆማል፤ ሁለት ወር ሙሉ። ቁጭ በል ብለው አይቀመጥም። የሆነ ሰው ቆይ ብሎታል መሰለኝ።»

ማሙሽ ከመጀመሪያው ቀን አይቷታል። ከእንጨት ሥራው ክፍል ወጥቶ በኮሪደሩ ሲያልፍ በመስኮት ያያትና ይሄዳል። እሷም አልተከተለችውም። በአምስተኛው ሳምንት ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ገብቶ ከፊት ለፊቷ ባለው ትንሽ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። እንጨት እንጨት ይሸታል፤ ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ አለ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ስትለማመደው የሰነበተችውን እየተንተባተበች በእጇ አለችው። «እማዬ ልትሞት ነው ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። አልገባኝም። ማገላበጥ መሰለኝ።»

«አውቃለሁ» አላት። ለእሷ ብሎ ቀስ አድርጎ ነው። «ስታገላብጫት አይቻለሁ። በኋላ ሳስበው ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ተቆጣህ?»

እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። «አለማወቅሽ አይደለም ያናደደኝ። የምታውቂ መምሰልሽ ነው። አላውቅም ብትይኝ ወረቀት አመጣ ነበር። እጽፍልሽ ነበር። እማዬንም እሰናበታት ነበር።»

ደገመችለት፤ በትክክል ገብቷት እንደሆነ ለማረጋገጥ እያንዳንዱን ቃል ደገመች። በትክክል ገብቷታል።

«ያን ቀንስ ሁሉም የሳቁት በምን ነበር?» አላት።

የእናቱን ቀልድ ነገረችው። «ካውያ»ን አሳየችው፣ «አንሶላ»ን በፊደል ለቀመችለት፣ «ገልብጡኝ»ን ሁለት ጊዜ አበላሽታ አስተካከለችው። ማሙሽ አልሳቀም። «እኔም ስቄያለሁ» ብሎ ብቻ ተነሣ፤ የዕረፍቱ ሰዓት ሳያልቅ ልጆቹ መግባት ጀምረው ነበር።

ይሄ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ዓይናቸው ሲደክም ሱቁ ለእሷ ቀረ። ማሙሽ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቶ በር፣ መስኮትና ቁም ሳጥን ይሠራል፤ ትምህርት ቤት የተዋወቃትን ልጅ አግብቷል። እነሱ ሲያወሩ ከፍጥነቱ የተነሣ እጃቸው አይታይም፤ ልብስ ሰፊዋ ስትኖር ግን ለአሮጊት እንደሚደረገው ቀስ ይሉላታል። ከሁለት አረፍተ ነገር አንዱን ትይዛለች። ያልገባትን አልገባኝም ትላለች፤ አሁን አታፍርም። ታርቀዋል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። የልጅነት ወንድሟ አልተመለሰላትም። ከሱ ጋር በዛፍ ሥርና በጓሮ በር መሀል የቀረ ነገር አለ፤ አያነሱትም፤ አልተነሣም ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም።

እሑድ እሑድ ከሰዓት ትሄዳለች። ማሙሽ ሁሌ የሚጠይቃት ስለ እናታቸው ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ሆኖ አንድ ሙሉ ነገር ስትናገር አልሰማት፤ ስለዚህ እህቱ የምታስታውሰውን አንድ አንድ እያደረገች ታቀብለዋለች። ጎረቤቷን እንዴት እንደተረበቻት፣ አለቃዋን ምን እንዳለችው፣ አባታቸው ሊጠይቃት የመጣ ቀን ለአባቷ ምን ብላ እንደመለሰች። አንዳንዱ በእጅ ሲሆን ቀልዱ ይሞታል፤ ተኳሽ የሚለውን ሦስት ጊዜ ሞክራ ትታዋለች፤ ጥይትና ካውያ በእጅ ቋንቋ አይገናኙም። አንዳንዱ ግን ይደርሳል፤ ያኔ ማሙሽና ሚስቱ ይስቃሉ።

ባለፈው እሑድ አንዱን ስትነግረው ማሙሽ መሀል ላይ አቆማት።

«ይሄን ስትል እኔ የት ነበርኩ?»

አሰበች። ልትዋሸው ትችል ነበር።

«እዚያው» አለችው። «ከበሩ አጠገብ ተቀምጠህ።»

ማሙሽ ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ትንሽ ቆይቶ የመላጊያው ድምፅ ተሰማት፤ ዕረፍት ቀኑ ነው፣ የሚሠራ ሥራ አልነበረውም። ሚስቱ ምን ሆኖ ነው ብላ በዓይኗ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ በፊደል አንድ አንድ እየለቀመች «አላውቅም፤ እሱን ጠይቂው» ብላ መለሰችላት።